መጋዝ የበላው በር

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ የባሕር ዳር ሙቀት ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት ሲቻል ስለ መጋዝ ልትሰሙ መጣችሁ። እኔ ብሆን አልመጣም ነበር። ስለዚህ አላስረዝምባችሁም።

ተማሪ ሳለሁ የጣና ዳር ክብ ቤተ ክርስቲያን ሞዴል ልሠራ ተነሣሁ። ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ከውጭ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሃል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። መጠኑን 1 ለ50 አደረግሁት። ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊሜትር፣ መሬት ላይ 5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የውጭውን ግድግዳ 24 ጠባብ እንጨቶች ጎን ለጎን አቁሜ ልዞረው አሰብኩ። አንድ ረጅም እንጨት ላይ መስመሮቹን አከታትዬ በእርሳስ አሰመርኩ። ከጎረቤት ሴጌቶ ተዋስኩና መስመር መስመሩን ይዤ ገዘገዝኩ።

ሳቆመው ግን ግድግዳው አልገጥም አለ። መጀመሪያ ስሌቴን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ እንጨቱን፣ ከዚያም ማስመሪያውን። ሴጌቶውን የጠረጠርኩት መጨረሻ ላይ ነው። ሴጌቶ አንዴ ሲቆርጥ 1 ሚሊሜትር ገደማ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። 24 ጊዜ ቆርጫለሁ። 24 ሚሊሜትር ጠፋ። በ50 ስታባዙት 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ የሚገባበት በር። ጓደኞቼ «እግዜር በር ከፈተልህ» ብለው ሳቁብኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ገበያ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ነው። የአንገት መስቀል ሲፈለፍሉ ቆሜ አየሁ። በእጃቸው የያዙት መጋዝ ምላጩ ከፈትል ብዙም አይወፍርም። ጭናቸው ላይ ቆዳ ዘርግተዋል፤ የምትረግፈዋን ዱቄት ይሰበስባሉ። ወርቅ ናታ! «ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ቀጭን ምላጭ ለምን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወፍራሙ ትርፌን ይበላዋል» አሉኝ።

የእኔን በር የበላውም እሱው ነበር።

የአንጥረኛ ምላጭ ቁጥሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። 2/0፣ 4/0፣ 8/0 እያለ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በጨመረ መጠን ምላጩ ይቀጥናል። 2/0 ውፍረቱ 0.26 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 8/0 ደግሞ 0.16። ለ3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 2/0 ይበቃል። ለቀጭን ፕላስቲክ ወደ ቀጭኑ ውረዱ። መለኪያው ቀላል ነው፦ በምትቆርጡት ዕቃ ውፍረት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጥርስ መግባት አለበት። ከዚያ ካነሰ ጥርሱ ጠርዙን እየነከሰ ይሰነጥቀዋል።

አሁን አያያዙ። ምላጩን ስትገጥሙ ጥርሱ ወደ እጀታው ይመልከት። ቀጭን ነገር ሲገፋ ይታጠፋል፣ ሲሳብ ግን ይወጠራል። ስለዚህ የሚቆርጠው ወደ ታች ስትስቡት ነው። ውጥረቱን በጆሮ ለኩት። እንደ ክራር ጅማት ነካ ስታደርጉት ቲንግ ካለ ልክ ነው። ዱብ የሚል ድምፅ ከሰጣችሁ ላላ ማለት ነው፤ አቅጣጫውን ይስታል፣ ይሰበራልም። ጧፍ ካላችሁ ምላጩን በስሱ እሹት፣ ሰሙ ያንሸራትተዋል። ስታበዙት ግን ከሰጋቱራው ጋር ተቦክቶ ጥርሱን ይደፍነዋል።

ደግሞ አትጫኑ! ስትታጠፉ ምላጩን ከነመጋዙ እዚያው ቦታ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ እንጨቱን በቀስታ አዙሩት። ፕላስቲክ ላይ መቸኮል ሌላ ጣጣ አለው። ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምላጩን ይዞ ይቀራል። በካተር ልቁረጠው ብትሉም ካተር ፕላስቲኩን ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል፤ ጠርዙ ያብጣል። መጋዝ ግን መሃሉን አንሥቶ ይወጣል።

እኔ በጣም የምወደው መስኮት መፈልፈል ነው። መሃሉን በትንሽ መሰርሰሪያ ትበሳላችሁ። ምላጩን ከአንድ ጫፍ ፈትታችሁ በቀዳዳው ታሾልኩታላችሁ። መልሳችሁ ትወጥሩትና ከውስጥ ትቆርጣላችሁ። ጠርዙን ሳትነኩ መስኮት ወጣ ማለት ነው። ሲወጣ ደስታው! እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ብታባክኑ አይቆጫችሁ።

ለቀጥታ ቁርጥ ሌላ ዓይነት አለ፤ ምላጩ ሰፊ፣ ጀርባው ላይ የናስ ወይም የብረት ድጋፍ ያለው። በ90 እና በ45 ዲግሪ ስንጥቅ ካለው ትንሽ የእንጨት ሳጥን ጋር ተጠቀሙበት። ከቀጭን የብረት ወረቀት በአሲድ ተበልቶ የሚሠራም አለ። የአንዳንዱ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ ለፕላስቲክ ሞዴል የሚገርም ዕቃ ነው፤ ለእንጨት ግን አትሞክሩት፣ ወዲያው ይጣመማል።

እዚያ ጥግ የአዲሱን የዓባይ ድልድይ ሞዴል የሠራችሁ ልጆች፣ ጎበዞች ናችሁ። 380 ሜትሩ በ1 ለ500 ወደ 76 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በዚያ መጠን ግማሽ ሚሊሜትር የሚበላ መጋዝ በአንድ ቁርጥ 25 ሴንቲሜትር ከድልድዩ ላይ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ስታሰምሩ ከመስመሩ ወደሚጣለው በኩል ቁረጡ። ትርፉን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት። ከሚያጥር ቢረዝም ይሻላል፤ ያጠረውን ማን ያስረዝመዋል?

በሉ ወደ ጠረጴዛው ኑ። አምስት መጋዝና አፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ መደገፊያ እንጨት አዘጋጅቻለሁ። መነጽርና ጭምብል አድርጉ፤ ምላጭ ሲሰበር ይፈናጠራል፣ የኮምፔንሳቶ ዱቄትም ለሳንባ አይሆንም። ምላጭ ብትሰብሩ አትደንግጡ። ሁለት ደርዘን አምጥቻለሁ፤ አንዱን ደርዘን ትጨርሱታላችሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አመሰግናለሁ።