የባልና ሚስት የክት ሰዓት

ደህና አመሻችሁ የድሬ ልጆች! ከሐረር ወርዳችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ኮት ለብሳችሁ መምጣታችሁ ለሰዓታችሁ ስትሉ እንደሆነ ገብቶኛል። እጅጌው ሥር ብቅ ሲል ነው የሚያምረው።

አዘጋጆቹ ስለ ባልና ሚስት ጥንድ ሰዓት ተናገር አሉኝ። ጥንድ ሰዓት እወዳለሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ለእሱ ሞላና ጥርስ ያለው ማሽን ይገዛል። ለእሷ ያው መልክ ይቀነስና ባትሪ ይገባበታል፤ ዙሪያውን አልማዝ ይደረደርበታል። ጥሎሽ ላይ ሚዜው ከሻንጣ አውጥቶ ሲያሳየው ያብረቀርቃል፣ እልልታውም ይቀልጣል። እሷም ሰዓት ሰብሳቢ ከሆነች ግን አቦ፣ ይሄ ፍርድ ነው? እሱ ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን እየሞላ ይደሰታል፤ እሷ ባትሪው እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

የሴት ሰዓት ትንሽ ስለሆነ ማሽን አይችልም የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትስሙት። የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ጄገር ለኩልትር እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው ካሊበር 101 የሚባለው ማሽን ክብደቱ አንድ ግራም ገደማ ነው። በእጅ የሚሞላ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1953 ዘውድ ሲጭኑ ያደረጉት ሰዓት በዚሁ ማሽን የሚሠራ ነበር።

እንዴት እናጣምር ታዲያ? እኔን ከጠየቃችሁ፣ ወንድምና እህት ይምሰሉ እንጂ መንታ አይሁኑ። ፓቴክ ፊሊፕ የሚባለው የስዊዝ ሰዓት ሠሪ ያወጣውን ካላትራቫ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲወጣ የወንድ ሰዓት ነበር፤ ስፋቱ ግን 31 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዛሬ ለወንድ የሚሸጠው 39 ደርሷል። ስለዚህ የድሮውን የወንድ ሰዓት እሷ ታድርገው፣ አዲሱን እሱ። ቤተሰቡ አንድ ነው፣ ሁለቱም በእጅ ይሞላሉ። ደግሞም በማዕረግ የሷ ይበልጣል፤ ባሎች ይቅርታ!

የለም፣ አንድ ዓይነት ካልሆነ ለምትሉ ካርቲዬ የሚባለው የፈረንሳይ ቤት ያወጣው ታንክ የሚሉት ሰዓት አለ። የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ የኛው ባቡር ከድሬ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰበት ዓመት። አራት ማዕዘን ነው፤ ትልቁም ትንሹም መልኩ አይለወጥም፣ የወንድ ወይም የሴት አያሰኝም። ታንክ ግን ባለ ባትሪውም ብዙ ነው። ሳትከፍሉ ጠይቁ።

የቀን መስኮት ያለውን ተዉት። የክት ሰዓት ፊቱ ጭር ሲል ነው የሚያምረው። ደግሞ ቀኑ እስከ 31 ይቆጥራል፤ የኛ ወር 30 ነው፣ ጳጉሜ ላይማ ጭራሽ ጉድ ነው። አንዳንድ ቤት ባል በፈረንጅ፣ ሚስት በሐበሻ አቆጣጠር ይሞላሉ። ያ ጥንድ አይባልም፣ ክርክር ነው።

ወርቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክዳኑን ገልብጡና በማጉያ እዩ፤ 750 የሚል ማኅተም ካለ ባለ 18 ካራት ማለት ነው። እናቶቻችን የሚወዱት አምባር ግን 21 ካራት ነው፣ ማኅተሙም 875። ጎን ለጎን ሲሆኑ አምባሩ ይደምቅና ሰዓቱ ይገረጣል። አምባርና ሰዓት አንድ እጅ ላይ ከዋሉ ደግሞ ይፋጫሉ። እኔ የምለው፣ ሰዓቱን ከጋብቻ ቀለበታችሁ ጋር አስተያዩ። ቀለበት አይወልቅም፤ ሰዓቱ ነው መስማማት ያለበት። የሁለታችሁ ቀለበት አንድ ቀለም ከሆነ ሰዓቶቹ ሳትጨነቁ ይጣመራሉ።

ማሰሪያ ደግሞ የድሬ ጣጣ ነው። የአዞ ቆዳ በግንቦት ሙቀት ላብ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይሸታል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ እዚያ ይቀላል። የድሬ ሰው ሁለት ማሰሪያ ይያዝ፤ ቆዳውን ለማታ ብቻ። ስታወልቁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ወዲያው ሣጥን ውስጥ አትክተቱት።

ስም ማስቀረጽ ለምትፈልጉ ሪቨርሶ የሚባለውን የጄገር ለኩልትር ሰዓት እዩ። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ሕንድ ውስጥ ፈረስ ላይ ሆነው ፖሎ ለሚጫወቱ እንግሊዞች ነው። መስታወቱ እንዳይሰበር ይገለበጣል፤ ጀርባው ላይ ይቀረጻል። የሷን ስም የሱ ላይ፣ የሱን የሷ ላይ። ብቻ ቀራጩ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ማሽኑን ሰዓት ሠሪ ያውጣላችሁ።

ሰዓት ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፣ ማጉያው እዚህ አለ። ክዳን ግን ዛሬ አልከፍትም፤ ቬንትሌተሩ አቧራውን እያዞረው ነው።