ለአንድ ኳርተርባክ ስንት ይከፈላል?

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ኤንኤፍኤል ድራፍት ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ቡድኖች ከኮሌጅ አዲስ ተጫዋቾችን በተራ ስለሚመርጡበት። ማህሌት፣ መጀመሪያ የአንድ አድማጫችንን ጥያቄ ላንብብልሽ።

ማህሌት፦ አንብብልኝ።

ሄኖክ፦ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ሞክ ድራፍት፣ ማለትም የማስመሰል ድራፍት፣ ሊያደርጉ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ የኤንኤፍኤል ቡድን ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ከኮሌጅ ተጫዋች ይመርጣል። ተራ መለዋወጥም ይቻላል። የእሱ ቡድን አምስተኛ ነው፣ ኳርተርባክም፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች፣ የለውም። አንደኛ ተራ የደረሰው ጓደኛው "ቦታዬን ልልቀቅልህ" ብሎታል። በምትኩ የሚፈልገው አምስተኛ ተራውን፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ ከዚያ ደግሞ ዋናውን ሪሲቨሩን፣ የተወረወረውን ኳስ የሚቀበለውን ተጫዋች፣ ነው። "ምን ላድርግ?" ይላል።

ማህሌት፦ ሪሲቨሩንም ጭምር?

ሄኖክ፦ ሪሲቨሩንም።

ማህሌት፦ እንግዲያው ይቅርበት።

ሄኖክ፦ ቆይ እንጂ! ገና ምኑም ሳይወራ?

ማህሌት፦ እናወራለን። በመጀመሪያ ለአዲስ አድማጮች ቶሎ ብለን እንበለው። ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። 32 ቡድኖች አሉ። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል። ተራን ግን መለወጥ ይቻላል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሄኖክ፦ እኔ እሰጠዋለሁ። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን በየዓመቱ እዚያው ነው የሚዳክረው። ጥሩ ሪሲቨር በሁለተኛ ዙርም ይገኛል። ኳርተርባክ ግን አንዴ ካለፈህ አለፈህ ነው።

ማህሌት፦ ካሮላይና ፓንተርሶችም ያሉት ይህንኑ ነበር። በመጋቢት 2023 ዘጠነኛ ተራ ላይ ነበሩ። አንደኛው ተራ የቺካጎ ቤርስ ነበር። ካሮላይናዎች የሰጡትን ልዘርዝርልህ? ዘጠነኛውን ምርጫ፣ በዚያው ዓመት 61ኛውን፣ የ2024ን የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙር። በዚያ ላይ ዋናውን ሪሲቨራቸውን ዲ.ጄ. ሙርን። በዚህ ሁሉ ከአላባማ ብራይስ ያንግን ወሰዱ።

ሄኖክ፦ ያንግ ደግሞ ተራ ልጅ አልነበረም። የ2021 የሃይዝማን፣ ማለትም የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ አሸናፊ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ78 ገደማ ነው፤ ለኳርተርባክ አጭር ነው። ጨዋታ በማንበብ ግን የተመሰከረለት ነው።

ማህሌት፦ እኔም ልጁን አልወቅስም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኳሱን ወርውሮ ማን ይቀበለዋል? ሊቀበለው የሚችለውን ሰው እኮ እሱን ለማምጣት ከፈሉት! ሰርግ ለመደገስ ቤቱን እንደሸጠ ሰው ማለት ነው። ሙሽራዋን የት ሊያስገባት ነው?

ሄኖክ፦ እሺ፣ ዓመቱ ክፉ ነበር። 2 አሸንፈው 15 ተሸነፉ። አሰልጣኙ ፍራንክ ራይክ ከ11 ጨዋታ በኋላ ተባረረ።

ማህሌት፦ ያንግ 62 ጊዜ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ ተጣለ። 11 ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱ የተጋጣሚው መጨረሻ ክልል ሲደርስ የሚቆጠረውን ነጥብ፣ አቀበለ፣ 10 ኳስ ተነጠቀ። ዲ.ጄ. ሙርስ? ያኔ ቺካጎ ነው። በዚያው ዓመት 1,364 ያርድ አስመዘገበ። ጥቅምት ላይ እዚሁ ላንዶቨር መጥቶ ዋሽንግተን ላይ ያደረገውን ታስታውሳለህ?

ሄኖክ፦ አታስታውሺኝ! 230 ያርድ፣ ሦስት ተችዳውን። ከተማው ሁሉ ተኮራርፎ ነው የተኛው።

ማህሌት፦ ደግሞ አስበው። ካሮላይናዎች የመጨረሻ ሆነው ጨረሱ። ስለዚህ የሰጡት የ2024 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አንደኛ ተራ ሆነ። ቺካጎዎች በእሱ ኬለብ ዊሊያምስን መረጡ። ካሮላይናዎች ለአንድ ኳርተርባክ ብለው ለሌላ ቡድን ሌላ ኳርተርባክ ገዙለት።

ሄኖክ፦ ግን ስህተቱ ዋጋው ነው ወይስ የሰው ምርጫው? በዚያው ድራፍት ሁለተኛ የወጣው ሲ.ጄ. ስትራውድ ነው። ያንን ከፍለው ስትራውድን ቢያመጡ ኖሮ ዛሬ ይህን አናወራም ነበር።

ማህሌት፦ እሱን እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ሄኖክ፦ ከኮሌጅ ጨዋታው መገመት ይቻላል። ታኅሣሥ 31፣ 2022 ኦሃዮ ስቴት ከጆርጂያ ጋር የተጫወቱትን እይ። የጆርጂያ ተከላካዮች የዚያን ዘመን ምርጦች ነበሩ። ስትራውድ 348 ያርድና አራት ተችዳውን ወረወረባቸው። 42 ለ 41 ተሸነፉ፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። ከዚያ በፊት "ሲያባርሩት ይደነግጣል" የሚሉት ብዙ ነበሩ። በዚያ ምሽት እየሮጠ፣ እያመለጠ፣ ዓይኑን ከሪሲቨሮቹ ሳያነሳ ሲወረውር አየነው። ድራፍቱ ሲቃረብ የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ውጤቱ ዝቅተኛ ነው የሚል ወሬ አፈተለከ። ሂዩስተኖች ግን ወረቀቱን ትተው ጨዋታውን አመኑ። በመጀመሪያ ዓመቱ 23 ተችዳውን ወረወረ፣ አምስት ኳስ ብቻ ተነጠቀ። ሦስት ብቻ ያሸነፈ ቡድን 10 አሸነፈ።

ማህሌት፦ በዚህ አልከራከርህም። እኔም ለአድማጫችን የምለው ይህንኑ ነው። የምትፈልገውን ልጅ ከባድ ቡድን ሲገጥመው እየው። 50 ለ 7 ያሸነፈበትን ቪዲዮ ተወው። ግን ሂዩስተኖች ለሁለተኛው ተራ ምን ከፈሉ? ምንም። የራሳቸው ነበር። ያላቸውን ተጨማሪ ምርጫ ያወጡት ሦስተኛ ተራ ላይ ወጥተው ዊል አንደርሰንን ለማምጣት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ስትራውድ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፣ አንደርሰን ደግሞ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ። ከፍለዋል፤ ግን የከፈሉት ለኳርተርባኩ ጓደኛ ለመጨመር ነው።

ሄኖክ፦ ታዲያ ካንሳስ ሲቲስ? ለፓትሪክ ማሆምስ ብለው በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ሲወጡ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ሰጥተዋል፤ ሦስተኛ ዙርም ጨምረዋል። ያኔ "አልበዛም?" ያለ ሰው ነበር። ዛሬ ማን ይላል?

ማህሌት፦ ጥሩ ምሳሌ አመጣህ። ከሰጡ በኋላ ቤታቸው የቀረውን ቁጠር። አንዲ ሪድ አሰልጣኝ ነው። ትራቪስ ኬልሲ አለ። ታይሪክ ሂል አለ። አሌክስ ስሚዝ የሚባል የበሰለ ኳርተርባክ አለ፤ ስለዚህ ማሆምስ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 12 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። የሰጡት የወደፊት ምርጫ ነው፤ ኳስ የሚቀበልለትን ሰው አልሰጡም።

ሄኖክ፦ ስለዚህ አንቺ የምትይው "አትክፈል" አይደለም።

ማህሌት፦ አይደለም። ዋጋው ከልጁ ጉሮሮ የሚነጠቅ ከሆነ አትክፈል ነው የምለው።

ሄኖክ፦ አሁን እኔ ልያዝሽ። ኬለብ ዊሊያምስ ቺካጎ ሲገባ ሙር ነበረ፣ ኪናን አለን ነበረ፣ ሮም ኦዱንዜንም በዚያው ድራፍት በዘጠነኛ ተራ መረጡለት። ቤቱ ሞልቶ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ግን 68 ጊዜ ተጣለ! ከያንግ የባሰ ነው። አምስት ጨዋታ ብቻ አሸነፉ። ይህን ምን ትይዋለሽ?

ማህሌት፦ ይኼ ከባድ ነው። ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ዊሊያምስ ዩኤስሲ ኮሌጅ እያለም ኳስ ይዞ ይቆይ ነበር። ተአምር ለመሥራት ሲል ይቆያል። ይህ ጠባይ ከኮሌጅ አብሮ ይመጣል፤ ሪሲቨር ብዙ ስለሆነ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ ሞክ ድራፍት ስትሠራ ልጁ ስንት ጊዜ እንደተጣለ እይ፤ ደግሞ ለምን እንደተጣለ እይ። መከላከያው ፈርሶበት ነው ወይስ ሦስት ሰከንድ ቆሞ?

ሄኖክ፦ ሁለተኛውስ?

ማህሌት፦ ቺካጎዎች ለማስተካከል አቅም ነበራቸው። አሰልጣኙን በዓመቱ መሃል አሰናበቱ። ቤን ጆንሰንን ከዲትሮይት አመጡ። ከፊቱ የሚቆሙትን ሰዎች ቀየሩ፤ ጆ ቱኒን፣ ድሩ ዳልማንን፣ ጆና ጃክሰንን። በ2025 የውድድር ዘመን 11 አሸንፈው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። ካሮላይናዎች ግን ያንግ ሲቸገር የሚያወጡት ነገር አልነበረም። ኪሱ ባዶ ነበር።

ሄኖክ፦ ኪስ ካልሽ ገንዘቡንም እናንሳ። ቡድኖች ለምን እንዲህ ይሻማሉ? ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አገኘ። በቀጣዩ ዓመት አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን አራት ዓመት ሙሉ 22 ሚሊዮን ነው የተከፈለው። ስለዚህ ጥሩ ኳርተርባክ በርካሽ ውል ካገኘህ፣ ቀሪው ገንዘብ ለሌሎቹ ይተርፋል።

ማህሌት፦ ምርጫህን ሁሉ ከጨረስክ ግን ያ ትርፍ ብቻውን አይበቃህም። ይህንን እኛ እዚህ ዲሲ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሄኖክ፦ ኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፊን!

ማህሌት፦ 2012። ዋሽንግተን ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ ለመውጣት ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ ሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። የታክሲ ሾፌሩም፣ የካፌ ባለቤቱም ስለ ግሪፊን ነበር የሚያወራው። እግር ኳስ ብቻ ያውቁ የነበሩ የኛ ሰዎች ሳይቀሩ እሑድ እሑድ ይሄንን ማየት ጀመሩ።

ሄኖክ፦ የመጀመሪያ ዓመቱ እኮ ድንቅ ነበር። 10 አሸንፈው ምድቡን ወሰዱ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ። ጥር ላይ ከሲያትል ጋር ጉልበቱ ባይሄድ ኖሮ! ይህ የዋጋው ጥፋት አይደለም፣ ማህሌት። የጉልበት ጉዳት ነው።

ማህሌት፦ ጉዳቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን በ2013ና በ2014 ዋሽንግተን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አልነበረውም። ልጁ እያነከሰ ሲመለስ ከፊቱ ማን ሊቆምለት ነው? ደግሞ በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በአራተኛ ዙር፣ 102ኛ ላይ ኪርክ ከዝንስን መርጠዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ያ ምርጫ ምንም አላስወጣቸውም።

ሄኖክ፦ ከዚያ 2024 ላይ ያው ሁለተኛ ተራ ተመልሶ መጣ።

ማህሌት፦ በዚህ ጊዜ ሳይከፍሉ። ጄደን ዳንኤልስ ከኤልኤስዩ ኮሌጅ መጣ። ቴሪ መክሎሪን እንዳለ ነው። ዛክ ኧርትዝን አስፈረሙ። ኳስ ሲቸግረው የሚያየው ሰው አጠገቡ አለ። አራት ብቻ ያሸነፈ ቡድን 12 አሸነፈ፤ ዲትሮይትን በዲትሮይት ሜዳ አሸንፎ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ሄደ፤ ከሻምፒዮናው አንድ ጨዋታ በፊት ማለት ነው። የቺካጎው ጨዋታ መቼም አይረሳም።

ሄኖክ፦ ጥቅምት 27። ዊሊያምስና ዳንኤልስ ፊት ለፊት፤ አንደኛና ሁለተኛ የተመረጡት ልጆች። የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ላይ ተላከች፣ ተነካችና ኖዋ ብራውን እጅ ላይ ወደቀች። 18 ለ 15። እኔ ጮኬ ጎረቤት አስነስቻለሁ።

ማህሌት፦ ኳሷን የነካት የቺካጎው ታይሪክ ስቲቨንሰን ነው። ያ የመጨረሻ ሙከራ ሲጀመር ዞሮ ተመልካቹን እያናደደ ነበር። እሱንም ቢሆን ቺካጎዎች የመረጡት ከካሮላይና ባገኙት 61ኛ ምርጫ ላይ ጨምረው ነው። የዚያ ልውውጥ ነገር የማይደርስበት ቦታ የለም።

ሄኖክ፦ ወደ አድማጫችን እንመለስ። የሱ ፍርሃት ይገባኛል። "እስከ አምስተኛ ብጠብቅ ሌላው ይወስድብኛል" ነው የሚለው።

ማህሌት፦ ያ ፍርሃት ነው ሰውን የሚያስከፍለው። በ2025 ብዙ ሞክ ድራፍት ላይ ሸዱር ሳንደርስ በመጀመሪያው ዙር ነበር፤ ገና በጅምሩ ይወጣል ያሉም ነበሩ። በእውነተኛው ድራፍት ግን አምስተኛ ዙር፣ 144ኛ ወረደ። የመረጡት ክሊቭላንዶችም ከሱ በፊት ዲሎን ጋብርኤል የተባለ ሌላ ኳርተርባክ ወስደው ነበር። እኛ ውጭ ሆነን የምንሰጠው ዋጋና ቡድኖቹ የሚሰጡት ዋጋ አንድ አይደለም።

ሄኖክ፦ የኒው ዮርክ ጃያንትስም አለ። በዚያው ዓመት ሦስተኛ ነበሩ። ኳርተርባክ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ግን ተከላካዩን አብዱል ካርተርን ወሰዱ። ከዚያ ከ34ኛ ወደ 25ኛ ወጥተው ጃክሰን ዳርትን መረጡ። ለዚያ የሰጡት ሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው።

ማህሌት፦ አየህ? ሁለቱንም አገኙ። አድማጫችን ይህን ያድርግ። አምስተኛ ላይ ይቀመጥ። የወደደው ልጅ ከደረሰው ይውሰደው። ካልደረሰው ታክል፣ ማለትም ከኳርተርባኩ ፊት ቆሞ የሚከላከልለት ተጫዋች፣ ይምረጥ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ይመለስ።

ሄኖክ፦ እኔ እንዲህ አልታገስም። ጆርጂያ ላይ ስትራውድን እንዳየሁት ዓይነት ልጅ አንደኛ ላይ ካለ፣ ሁለቱንም ዓመት የመጀመሪያ ዙር እሰጣለሁ። በደስታ እሰጣለሁ።

ማህሌት፦ ሪሲቨሩንስ?

ሄኖክ፦ እሱንማ ወይ ፍንክች።

ማህሌት፦ እንግዲያው ልዩነታችን አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። እኔ አንዱን ዓመት እሰጣለሁ፣ አንተ ሁለቱን። ወንድማችን ቅዳሜ ጓደኛው "ሪሲቨሩን ካልሰጠኸኝ" ብሎ ከደረቀ ድርድሩን ይዝጋው። ማንን እንደመረጠ ደግሞ ይላክልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት የልጁን የኮሌጅ ጨዋታዎች አብረን እናያቸዋለን።