ሽንብራ፣ ምጣድ እና አንድ ኤክስ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ለዚህ የኮከብ ማያ ምሽት መክፈቻ አስር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አብዛኞቻችን የካ አባዶ በአንድ ዕጣ የገባን ጎረቤቶች ነን። ወሬ እንደማበዛ ታውቃላችሁ።

የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፈተና ላይ «ከሲሪየስና ከቤቴልጁስ ኮከቦች በስፋት የቱ ይበልጣል?» ተባልን። ቤቴልጁስ አልኩ። ኤክስ! ወረቀቴን ይዤ መምህሩ ጋ ሄድኩ። «ሲሪየስ ከሌሊቱ ኮከቦች ሁሉ ደማቅ ነው፤ ደማቅ ደግሞ ትልቅ ነው» አሉኝ። ቤት ስገባ አባቴ «ከመምህር ጋር ትሟገታለህ?» ብለው በኩርኩም ጨመሩልኝ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ የመጨረሻ ልጄ ያንኑ ኤክስ ይዞልኝ መጣ። ያንኑ!

ለዚህ ነው ዛሬ በኪሴ ሽንብራ ይዤ የመጣሁት። ይህቺ ፍሬ ፀሐይ ናት እንበል። ሲሪየስ የሷን እጥፍ እንኳ አይሞላም። እንዲህ የሚንቦገቦገው በ8.6 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ስላለ ነው (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)፤ በኮከብ ቤት ይሄ የግድግዳ ጎረቤት ማለት ነው። ሪጀል፣ ሰማያዊው ግዙፍ፣ የእንጀራ ምጣድ ያህላል። ቤቴልጁስስ? ስፋቱ 5 ሜትር የሚያልፍ ኳስ! የማናችን ሳሎን ይችለዋል? በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርን ውጦ ማርስንም ይደግማል። ግን በመቶዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ይርቀናል።

ሲሪየስ ጎን ደግሞ አንድ ነጭ ድንክ ኮከብ፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ የኮከብ ቅሪት፣ አለ። በዚህ ልኬት ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። ክብደቱ ግን ከሽንብራዋ እምብዛም አይተናነስም።

ታዲያ «ደማቅ ሁሉ ትልቅ ነው» ከየት መጣ? የራሳችን በረንዳ አምፖል ከሩቅ ፓውዛ በልጦ ሲያበራ አይተን አናውቅም? እንጦጦ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በቆሙበት ከተማ፣ አንድ የመልስ ወረቀት የሚያርም ሰው 40 ዓመት ሙሉ ይጠፋል? ልጆቻችን እውነት ጽፈው እስከ መቼ ኤክስ ይበላሉ? (እዚህ ጋ ማጨብጨብ ይቻላል።)

ስለ ቀለም ባጭሩ። ቀጥቃጭ ጋ ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲብስበት ይነጣል። ኮከብም እንደዚያው ነው። ቀዩ ቤቴልጁስ 3,300 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሪጀል ወደ 12,000 ይጠጋል።

የኛም ኮከብ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ «ቡና» ብላ ስም አወጣችለት፤ ፕላኔቱን ደግሞ «አቦል» አለችው። ያለ መሣሪያ አይታይም። ቶናው ገና አልተፈላም።

የጥበቃው ጋሼ፣ እባክዎ የሜዳውን ፓውዛ ያጥፉልን። እሺ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚንቦገቦገው ሲሪየስ ነው። ከሱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ግራ፣ ቀላ ያለው ቤቴልጁስ።

ልጄ፣ ፈተናህን ይዘህ ወደ ፊት ና።