በገጸ ባሕርይ ስም የሚጣሉ ሰዎች፦ ለጨዋታ መሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ዲኤሞች (የጨዋታ መሪዎች)፣ ዲኤም ለመሆን በዝግጅት ላይ ያላችሁ፣ እንዲሁም ከጠረጴዛው ማዶ የምትቀመጡ ተጫዋቾች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የምናገረው እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ እየተጫወተ ታሪክ በሚሠራበት ጨዋታ ላይ ስለሚነሳ ጠብ ነው። ለወራት የዘለቀ ካምፔይን (ተከታታይ ጨዋታ) ሕጉ ስለከበደ ብቻ አይፈርስም። ሁለት ሰዎች ይኮራረፋሉ፣ ሦስተኛው መሃል ገብቶ ይጨነቃል፣ አራተኛው «በዚህ ሳምንት አይመቸኝም» ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ጠረጴዛ ተመልሶ አይሞላም። ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ በሰዎች መካከል የተነሳ ጠብ በሰዎቹ በራሳቸው ስም ይፈታ። በገጸ ባሕርይ ስም፣ በዳይስ ወይም በጭራቅ ሊፈታ የተሞከረ ጠብ ሁሉ ይብስበታል።

የዚህ ጨዋታ አመጣጥ ራሱ ለጠብ የተመቸ ነው። የተወለደው ሰው ከሰው ከሚገጥምበት የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ በሚኒሶታ ብራውንስታይን የተባለውን ጨዋታ ሲያዘጋጅ ለየተጫዋቹ የራሱን ሚናና ከሌላው ጋር የሚጋጭ ዓላማ ሰጠው። ዴቭ አርነሰን ከዚያ ተነስቶ ብላክሙርን መራ፤ ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አሳተመ። በዚህ ጊዜ ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ተሰለፉ። በዚያ የመጀመሪያ እትም ላይ ያለውን የጨዋታ ምሳሌ ብትመለከቱ ዳኛውን፣ ማለትም የዛሬውን ዲኤም፣ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ነው፤ ቡድኑን ወክሎ የሚናገር «ኮለር» ይባላል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተማክረው ከጨረሱ በኋላ እሱ ውሳኔያቸውን ያሰማል። ዛሬ ኮለር የለም። እያንዳንዱ ለራሱ ይናገራል፣ የተናገረውም ወዲያው ይፈጸማል። ነጻነቱ መልካም ነው፤ ግን ያ የመመካከሪያ ፋታ አብሮ ጠፋ። እኛ ዛሬ የምንሠራው ሥራ ያንን ፋታ መመለስ ነው ማለት ይቻላል።

በጣም የተለመደውን ጠብ እንውሰድ። ሮግ የተባለውን የሌባ ሚና የሚጫወተው ሰው ጓደኛው ሲተኛ ከከረጢቱ ቀለበት ይሰርቃል። ዲኤሙ «እሺ፣ ዳይስ ወርውር» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ተፈጸመ። ለምን እንደሆነ ቁጥሩን እንየው። ደረጃ 5 የደረሰ ሮግ ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) 18 ቢሆን በዳይሱ ላይ የሚደመር 4 ያገኛል፣ ፕሮፊሸንሲው (የሥልጠና ጭማሪው) 3 ነው፣ በስላይት ኦቭ ሃንድ (በእጅ ፍጥነት) ላይ ኤክስፐርቲዝ (ልዩ ብቃት) ካለው እጥፍ ሆኖ 6 ይሆናል፤ በድምሩ 10። የተሰረቀው ሰው ፓሲቭ ፐርሴፕሽን (ሳይወረወር የሚያዝ የማስተዋል ቁጥር) 11 ከሆነ ሌባው በባለ 20 ገጹ ዳይስ 1 ቢያወጣ እንኳ ይሳካለታል። 14 ከሆነም ከመቶ 85 ጊዜ ያመልጣል። ስለዚህ ዳይሱ ዳኝነት የሰጠ ይመስላል እንጂ ነገሩ ሳይወረወር አልቋል። ተበዳዩ ለዚህ ያዘጋጀው ነገር የለም፤ ችሎታውን ሁሉ ያዋለው ለጭራቅ ነው። በሕግ ተሸነፈ፣ መናገርም አይችልም፤ ምክንያቱም ገጸ ባሕርይው «አላየም»። ያ ዝም ያለ ሰው ከሁለት ሴሽን (የጨዋታ ቀን) በኋላ ሮጉ ሲወድቅ የፈውስ ድግምት ይነፍገዋል። ቂም ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ አጭር ነው። አንድ ተጫዋች በሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ላይ ማንኛውንም ነገር ሊያደርግ ሲል ዳይሱ አይነሳ። ዲኤሙ ወደ ሁለተኛው ሰው ዞሮ በራሱ ስም ጠርቶ ይጠይቀው፦ «ቀለበትህን ሊሰርቅ ነው። ይሁን? ይሁን ካልክ ውጤቱን አንተ ንገረን።» ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚለውን የሚወስነው የሚደረግበት ሰው ነው። ይህን ደንብ የያዘ ጠረጴዛ ላይ ስርቆት አይጠፋም፤ ሁለት ጓደኛሞች ተስማምተው የሚያዋዙት ትዕይንት ይሆናል።

ፋየርቦል የተባለው የእሳት ድግምትም እንዲሁ ነው። 20 ጫማ ራዲየስ ይሸፍናል፣ በስምንት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጎዳል፤ አማካዩ 28 ነው። ደረጃ 5 ያለ፣ ኮንስቲትዩሽኑ (የሰውነት ጥንካሬው) 12 የሆነ ዊዛርድ (ጠንቋይ) ያለው 27 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ነው። ጓደኛ መሃል እያለ የተጣለ አንድ ፋየርቦል፣ ጓደኛው ጉዳቱን በዳይስ ካልቀነሰ፣ በአማካዩ ብቻ ይጥለዋል። «ማን ማን ውስጥ ነው? ትፈቅዳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሰከንድ ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ አትቀበሉ። ሰውየውን ግን አታዋርዱት፤ ብዙውን ጊዜ ከልቡ ነው የሚለው። ገጸ ባሕርይው ሌባ እንዲሆን የመረጠው ራሱ ነው፤ ሌባ የጓደኛውን ከረጢት የማይነካበት አንድ ምክንያት ማግኘትም የራሱ ሥራ ነው። «ይህ ሰው ሌላውን ሁሉ ሰርቆ ጓደኞቹን የማይሰርቀው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን በገጸ ባሕርይ ወረቀቱ ላይ ይጻፈው። ጓደኛው ነፍሱን አትርፎለት ሊሆን ይችላል፤ እህቱን መስሎት ሊሆን ይችላል። ጠብ የነበረው ወደ ታሪክ ይለወጣል።

ከጸባይ የመጣ የሚመስል፣ ግን ሕጉ ራሱ የሚያመጣው ጠብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የጨዋታው እትም ሕግ ዎርሎክ የተባለው ድግምተኛ ድግምቱን የሚመልሰው በሾርት ሬስት፣ በአንድ ሰዓት ዕረፍት ነው። ዊዛርድ ዋናውን የሚያገኘው በሎንግ ሬስት፣ በስምንት ሰዓት ዕረፍት ነው። ፋይተሩ (ተዋጊው) አክሽን ሰርጅን፣ በአንድ ተራ ተጨማሪ ድርጊት የሚሰጠውን ችሎታ፣ በአንድ ሰዓት ያገኛል። እንግዲህ አንዱ «አሁን እንረፍ»፣ ሌላው «አንድ ክፍል እንጨምር»፣ ሦስተኛው «እስኪነጋ እንተኛ» ሲል ሰነፍ ወይም ራስ ወዳድ ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ በአንድ የጀብዱ ቀን ሁለት ያህል ሾርት ሬስት እንዳለ አስቦ ነው ያመዛዘናቸው። ዲኤሙ «በዚህ ዋሻ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ማረፍ ትችላላችሁ፣ መተኛት ግን አይቻልም» ብሎ ከመግባታቸው በፊት ቢናገር ክርክሩ በእንጭጩ ይቀጫል። ዕዳው ገብስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ጊዜ። የሦስት ሰዓት ሴሽን 180 ደቂቃ ነው። ሰው እስኪሰበሰብና ያለፈው እስኪታወስ 20፣ ለሻይ 10 ቢወጣ 150 ይቀራል። አምስት ተጫዋች በውጊያ ላይ በየተራው 3 ደቂቃ ቢወስድ 15፣ ዲኤሙ 5፤ አንድ ዙር 20 ደቂቃ። አራት ዙር 80። የቀረው 70 ነው። ግማሹን ዲኤሙ ሲተርክና ሌሎች ሰዎችን ሆኖ ሲናገር ይወስደዋል፤ 35 ደቂቃ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 7 ደቂቃ። አንዱ 20 ደቂቃ ከተናገረ ለአራቱ 15 ይቀራል፤ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ አይሞላም። ለዚያች 4 ደቂቃ ነው በሁለት ታክሲ የመጣው። ብዙ የሚናገረው ሰው ደግሞ ክፉ አይደለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ራሱን አይሰማም።

በውጊያ ላይ አንዱን ተራ ወደ ደቂቃ ተኩል አውርዱት። አምስቱ ሰዎች ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ ዲኤሙ 5፣ አራት ዙር 50 ደቂቃ ይሆናል፤ 30 ደቂቃ ተመለሰ ማለት ነው። የሚደረሰው በማጣደፍ አይደለም። ዲኤሙ ተራ ሲጠራ ሁለት ስም ይጥራ፦ «አሁን አንቺ ነሽ፣ ቀጥሎ አንተ ነህ፣ ተዘጋጅ»። የማጥቂያውና የጉዳቱ ዳይስ አብረው ይወርወሩ። ሕግ ፍለጋ መጽሐፍ ሲገለጥ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ዲኤሙ ይወስንና ትክክለኛው ከሴሽኑ በኋላ ይታይ። ዝም ያለውን ሰው ደግሞ «ለምን አትናገርም?» አትበሉት፤ ያሳፍረዋል። «በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ፤ ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማህ። ትዘጋዋለህ ወይስ ትመለከታለህ?» በሉት። የተለየ ጥያቄ፣ ሁለት ምርጫ።

በአማርኛ ለምንጫወት ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚጫወት ሰው የማይገጥመው ጣጣ አለን። ግሳችን ማንን እንደምናናግር ይናገራል። በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው «እርስዎ» እያልን ከርመን ገጸ ባሕርይው የእኛ ሎሌ ሲሆን ምን እንበለው? ወንዱ ተጫዋች ሴት ገጸ ባሕርይ ሲይዝ «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ»? ካልተነጋገሩበት «ደፈረኝ» የሚል ቅሬታ ይወለዳል፤ ይሉኝታው ስላለ ደግሞ አይነገርም። በመጀመሪያው ቀን ወስኑ፦ ለገጸ ባሕርይው እንደ ገጸ ባሕርይው፣ ለሰውየው እንደ ወትሮው። ይኸው ግስ ግን መድኃኒትም ነው። ነገር ሲሞቅ «መታሁህ»ን ትታችሁ «ወታደሩ ጋሻውን አንስቶ ገፋው» በሉ። ከ«እኔ» ወደ «እሱ» መሸጋገር ብቻውን ድምፅ ሲያበርድ ይታያል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ሴሽን ዜሮ በምንለው፣ ጨዋታ ሳይጀመር በሚደረገው ስብሰባ ነው። 90 ደቂቃ ስጡት። በየስንት ጊዜው እንደምንገናኝና ስንት ሰው ሲቀር እንደሚሰረዝ (ከአምስት ሁለት ከቀሩ መሰረዝ ይሻላል)፣ የቀረው ሰው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚሆን፣ የተገኘ ዕቃ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ተጫዋች ተጫዋችን መንካት ይችል እንደሆነ፣ ጨርሶ የማይነሳ ጉዳይ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ለመጨረሻው ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስተዋወቀው ኤክስ ካርድ ይረዳል፦ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ መሃል ይቀመጣል፣ ማንም ሲነካው ያ ነገር ያለ ማብራሪያ ይታለፋል። ለይሉኝታ ሰው የተሠራ ይመስለኛል።

ጠቡ ከተነሳስ? ያኔውኑ አቁሙና «የ10 ደቂቃ የሻይ ዕረፍት» በሉ። በሰው ፊት አትዳኙ፤ በሰው ፊት የተዳኘ ሰው የሚከላከለው ክብሩን ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ደውሉ። በቴሌግራም ግሩፕ አትጻፉ፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም፣ ስክሪንሾትም ይሆናል። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ምን ሆነ? ከተስማማነው የቱ ፈረሰ? በሚቀጥለው ሴሽን ምን ቢሆን ትወዳለህ? «ለምን አደረግህ?» የሚለውን ተዉት፣ ክስ ነው። ከዚያ ሁለቱን ለ20 ደቂቃ አገናኙ፤ ሽምግልና ተቀምጦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። የተስማሙበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የተበላሸው ትዕይንት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል፤ «ከበሩ መከፈት በፊት ነን» ብሎ መጀመር አያሳፍርም። ከሦስት ሴሽን በኋላ ለሁለቱም ደግማችሁ ደውሉ። ብዙ ዲኤሞች የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ የታፈነው ነገር የሚመለሰውም ከዚያ ነው።

በምንም መንገድ የማታደርጉት፦ ያስቸገረውን ሰው ገጸ ባሕርይ በዘንዶ አትግደሉ። ሰውየው መቀጣቱን አያውቅም፤ ካወቀም የምትመሩትን ጨዋታ ሁሉ ከዚያ በኋላ አያምንም።

ስድብ፣ ትንኮሳ ወይም ማስፈራሪያ ሲሆን እነዚህ ደረጃዎች የሉም፤ ሰውየው በዚያው ቀን ይሰናበታል። በሌላው ሁኔታ ግን ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ካልተለወጠ፣ ዲኤሙ ብቻውን ደውሎ ይንገረው፦ «ይህ ጠረጴዛ ላንተ አልሆነም፤ ከሚቀጥለው ሴሽን ጀምሮ ያለ አንተ እንቀጥላለን።» ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረው፣ አይከራከር። ለቀሩት በሚቀጥለው ሴሽን መጀመሪያ ይነገራቸው፤ ስለሄደው ሰው ግን ወሬ አይከፈት። ገጸ ባሕርይውም በሰላም ይሂድ፤ ወደ አገሩ የሚወስደው መርከብ ይምጣለት፣ የያዘውን ይዞ ይሳፈር። ወንበሩን ለሁለት ሴሽን ባዶ ተዉት፣ ከዚያ አዲስ ሰው ጋብዙና ያንን አንድ ገጽ አብራችሁ እንደገና አንብቡት።

ያንን ገጽ ዛሬ ማርቀቅ ለምትፈልጉ ወረቀትና እስክሪብቶ በየጠረጴዛው ላይ አለ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።