አንድ ጣት የጎደለው ዕቅድ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አራት ደቂቃ ሙሉ አወራች። ፍሬ ነገሩ ግን ይቺ ናት፦ "ልጁን ዲዝኒ ወርልድ ልንወስደው ነው። ዕቅድ የምታወጣልን ሴት አግኝተናል፤ 300 ዶላር ትላለች። እንክፈል ወይስ ገንዘባችንን ውሃ ይበላዋል?"

ቶሎ አልመለስኩላትም። ምክንያቱም እኔም አንዴ ከፍያለሁ። ስለከፈልኩት ገንዘብ ደግሞ እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። አንዳንድ ቀን "ጥሩ አድርገሃል" እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያቺ የመለኪያ ዘንግ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ስለ ዘንጓ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ። "ለመዝናናት አማካሪ ይቀጠራል እንዴ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት እሱን ነው። ፓርክ ማለት በር ላይ ትኬት ገዝቶ መግባት፣ ያማረህን መጫወት፣ ሲደክምህ መውጣት ነበር የሚመስለኝ።

ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ግን እንደዚያ አይደለም። መሬቱ ብቻ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉ። ማጂክ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ1971 ተከፈተ፤ የመጨረሻው፣ አኒማል ኪንግደም፣ በ1998። ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው በእግር ልሂድ ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ አይሞከርም፤ አውቶቡስ፣ ባቡር ወይ ጀልባ ነው። ከኮቪድ በፊት በነበረው 2019 ወደ ማጂክ ኪንግደም ብቻ 21 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ገብቷል። በአንድ ዓመት! ስለዚህ እዚያ የምትታገሉት ከወረፋ ጋር ነው። የገዛችሁት ትኬት በር ያስገባችኋል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተና የሰልፉ ጉዳይ ነው።

ድሮ ፋስትፓስ የሚባል ነገር ነበር፤ በ1999 የጀመረ። ከማሽን ወረቀት ትወስዳላችሁ፣ በተባላችሁበት ሰዓት ተመልሳችሁ በአጭሩ ሰልፍ ትገባላችሁ። በነፃ። በኮቪድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ በ2021 ጂኒ ፕላስ ተብሎ በክፍያ መጣ። በ2024 እሱም ተቀየረና ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ሆነ። አሁን እዚያው ዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው ከጉዞው 7 ቀን በፊት ያስይዛል። ውጭ ያረፈ ደግሞ 3 ቀን በፊት። ሰዓቱ እዚያው በፍሎሪዳ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ በፈረንጆቹ 7፡00። ምግብ ቤት ለማስያዝ ደግሞ 60 ቀን በፊት።

ደከማችሁ አይደል? እኔም ደክሞኝ ነው የከፈልኩት።

ደንቡ በየጊዜው ስለሚገለባበጥ ከሦስት ዓመት በፊት የሄደ ዘመድ የሚሰጣችሁ ምክር ዛሬ ገደል ሊከታችሁ ይችላል። የእነዚህ ዕቅድ አውጪዎች፣ ፕላነሮች የሚባሉት፣ እንጀራም ከዚሁ ግርግር ነው የሚወጣው። ደንቡ ቀላል ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀጥራቸውም ነበር።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ።

ያገኘኋት ሴት ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። አንድ ጊዜ በስልክ አወራን። ስንት ቀን እንደምንቆይ፣ ስንት እንደሆንን፣ የልጃችንን ዕድሜ ጠየቀች። ከአሥር ቀን በኋላ 17 ገጽ ፒዲኤፍ መጣልኝ። አሥራ ሰባት! ቀለም በቀለም። ጠዋት ስንት ሰዓት ከሆቴል እንደምንወጣ፣ የትኛው በር ጋ እንደምንቆም፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ። "10፡40፣ መጸዳጃ ቤት" የሚል መስመር ሁሉ አለው፤ ሰዓቱ በፈረንጆቹ ነው። ባለቤቴ እሱን ስታይ "እሱንም ታስይዝልናለች?" አለችኝ።

የመጀመሪያዋ ቀን ጠዋት ግን እውነቱን ልናገር፣ አስማት ነበረች። የዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው ፓርኩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። እኛ እሱን አናውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስጠብቅ ጨዋታ ላይ አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆምንም። ፒዲኤፉን እንደ ታቦት ነው የያዝኩት።

ከዚያ የማዕድን ማውጫው ባቡር ጋ ደረስን። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር የሚባለው ጨዋታ። ልጄ ለሁለት ወር ያወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር። በር ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ዘንግ ይዛ ቆማለች። ፈገግ ብላ "ና፣ እንለካህ" አለችው። ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቱን ነፋ። አገጩን ቀና አደረገ። ዘንጉ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። አንድ ጣት የምታህል ክፍተት። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች፣ ፀጉሩን በእጇ ዳበስ አደረገች፣ እንደገና ለካችው። እንዲገባላት የፈለገች ትመስላለች። 97 ሴንቲ ሜትር ነው የሚፈቀደው። የእኔ ልጅ 96።

ያኔ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ዘንጉን አየው። ያለቀሰው በኋላ ነው፣ አይስክሬም ሲገዛለት።

ፕላነሯ ዕድሜውን ጠይቃኛለች። ቁመቱን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የጋራ ነው። ግን 17 ገጽ ውስጥ ለመጸዳጃ ቤት መስመር የተረፈው ሰው፣ ለአንዲት ሴንቲ ሜትር መስመር አጣ። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

አስቂኙ ነገር ደግሞ ምን መሰላችሁ። ያቺው ዘንግ የያዘችው ልጅ ናት መፍትሔውን የነገረችን። ራይደር ስዊች ይባላል። ልጁ ለመሳፈር ካልደረሰ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ወረፋ ይዞ ይጫወታል። ሲወጣ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛው ያንን ሁሉ ወረፋ ድጋሚ አይቆምም። በነፃ! ፒዲኤፉ ውስጥ ስሙም የለም።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ መፍረስ ጀመረ። ልጄ አኩርፎ ስለነበር አንድ ኩሬ ዳር ተቀመጥን። ዳክዬ መጣች። ሌላ ዳክዬ መጣች። ሃያ አምስት ደቂቃ ዳክዬ አየ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ላብ በላብ። "11፡15 ላይ እዚያ መሆን ነበረብን" እላለሁ ለባለቤቴ። እሷ ዞር ብላ አየችኝና "ማን ነው ያዘዘን?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ከፍዬ የገዛሁት አለቃ ነው ልበላት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ የከፈልኩት ለመረጃ አልነበረም። መረጃው በነፃ የትም ሞልቷል። የከፈልኩት እንዳልሳሳት ነው። "አንተ ነህ ያበላሸኸው" እንዳይሉኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶ፣ አንድ ሰው ጭንቀቱን እንዲሸከምልኝ ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን የተሸከመችልኝ ወረቀቱን ነው። ጭንቀቱ እኔው ጋ ቀረ፤ እንዲያውም ሰዓት ወጣለት።

እንግዲህ "ፕላነር አያስፈልግም" ልል አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ትንሽ ልዘርዝረው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነፃ የሆኑ አሉ። የጉዞ ወኪሎች ናቸው። ሆቴሉንና ትኬቱን በእነሱ በኩል ስትገዙ ኮሚሽን የሚከፍላቸው ዲዝኒ ነው። እናንተ ራሳችሁ ብትገዙ የምትከፍሉትን ነው የምትከፍሉት። አንዳንዶቹ ከዚያ ላይ የራሳቸውን ክፍያ ይጨምራሉ፤ አብዛኞቹ አይጨምሩም። ስለዚህ አንድ ሰው 300 ዶላር ሲላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ኮሚሽንም ትወስጃለሽ ወይ?" ነው። ከወሰደች ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈላት። ኃጢአት አይደለም፤ ግን ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናችኋል።

ጎበዝ ወኪል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ካስያዛችሁ በኋላ ዲዝኒ ቅናሽ ሊያወጣ ይችላል። ወኪሉ ያንን ይከታተላል፤ ቦታ ካለ ዋጋውን ያስተካክልላችኋል። እኛ በዓመት አንዴም ስለማናስበው ጉዳይ እሱ በየቀኑ ያያል። ጉዳቱ ደግሞ ቦታው በወኪሉ እጅ መያዙ ነው። ስልክ ደውላችሁ በራሳችሁ መቀየር አትችሉም። በሁለተኛው ጉዟችን አንድ ሌሊት ልጨምር ፈልጌ ወኪላችንን ስደውል፣ እሑድ ነበር፣ ስልኩ ዝግ። ሰኞ ሲያነሳልኝ ክፍሉ አልቋል።

ዕቅዱን በኮምፒውተር የሚያወጡም አሉ። ቱሪንግ ፕላንስ የሚባለው ለምሳሌ በዓመት ምዝገባ ነው የሚሠራው፤ ዋጋው ከአንድ ፕላነር ክፍያ ጋር አይወዳደርም። ከጀርባው ያለው ነገር ሒሳብ የሚወዱ ሰዎችን ያስደስታል። አንድ ነጋዴ ብዙ ከተሞችን በአጭሩ መንገድ ዞሮ እንዴት ይመለስ የሚል የቆየ የሒሳብ ጥያቄ አለ። ፓርኩም ያው ነው፤ ከተሞቹ ጨዋታዎቹ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ መንገዱ በየሰዓቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። በጣም ብልህ ነገር ነው። ዳክዬ ግን አያውቅም።

ጣሪያ የነካው ደግሞ የራሱ የዲዝኒ ቪአይፒ አስጎብኚ ነው። በሰዓት ብዙ መቶ ዶላር፤ ቢያንስ ሰባት ሰዓት መከራየት አለባችሁ። እስከ አሥር ሰው ይይዛል። ሦስት ቤተሰብ ተዋጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ወሬው ራሱ ያስደነግጣል።

አሁን የራሴን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለት ነገር ላይ ብቻ እከፍላለሁ። አንደኛው ንቃት ነው። ጉዞው 60 ቀን ሲቀረው በሌሊት ተነስቶ ምግብ ቤት የሚያስይዝ፣ 7 ቀን ሲቀረው ጠዋት የዲዝኒ አፕ ላይ የሚሻማ ሰው። ያቺ የመጀመሪያ ፕላነራችን የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት ወደ ጠረጴዛው የሚመጡበትን ቁርስ ቤት የያዘችልን እንዲህ ነው። እኔ ብሆን ተኝቼ ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ የሚያወራው ያንን ቁርስ ነው፤ ባቡሩን ረስቶታል።

ሁለተኛው "አይሆንም" የሚለኝ ሰው ነው። አራት ቀን አለህ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ አለህ፣ አራቱንም ፓርክ አትሞክር፣ አንዱን ቀን ገንዳ ዳር ተኛ የሚለኝ። ለዚያ አንድ ሰዓት የስልክ ወሬ ይበቃል። 17 ገጽ አይፈልግም። እንዲህ ደፍሮ የሚቆርጥ ፕላነር ግን ብዙ አይደለም። እነሱም ይገባቸዋል፤ ደንበኛ የከፈለው እንዲቀነስበት ሳይሆን እንዲጨመርለት ነው የሚመስለው። ወፍራም ወረቀት ሲያይ ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለ ይመስለዋል። እኔን እዩኝ፤ ገጹን ቆጥሬ ነው ደስ ያለኝ።

በሁለተኛው ጉዞ ነፃውን ወኪል ያዝን። የቀኑን ዕቅድ ራሴ አወጣሁ። በአንዲት ካርድ ላይ፣ በቀን ሦስት ነገር። ጠዋት ቀድመን እንገባለን፣ እኩለ ቀን ላይ ሆቴል ተመልሰን እንተኛለን፣ ማታ እንወጣለን። አንድ ምግብ ቤት አመለጠኝ፤ ዓይኔ እያየ ሞላ። አንድ ቀን ደግሞ አውቶቡስ ተሳስተን ሌላ ፓርክ ወረድን። ባለቤቴ ስቃ ስቃ ልትሞት። ያኔ ማንም "ማን ነው ያዘዘን?" አላለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ማክሰኞ ማታ ጻፍኩላት። ስለ ገንዘቡ አላነሳሁም። "ልጁ ቁመቱ ስንት ነው?" ብቻ አልኳት።

አንድ ሰዓት ያህል ዝም አለች። ከዚያ ፎቶ መጣ። ልጁ በር ላይ ተለጥፎ ቆሟል፣ ራሱ ላይ መጽሐፍ ተጭኗል፣ በእርሳስ መስመር ተሰምሯል። ደረቱን ነፍቷል፤ ያንን አቋም አውቀዋለሁ። ከሥሩ "አንድ ሜትር ከስምንት ሴንቲ ሜትር፤ ስፔስ ማውንቴን ነው የሚፈልገው" ብላ ጽፋለች።

ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ጨዋታ የሚጠይቀው 112 ሴንቲ ሜትር ነው።

"ጉዞው መቼ ነው?" አልኳት።