«ሰላም ነህ ግን?»

ጤና ይስጥልኝ። ማይኩ ይሰማል አይደል? እሺ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ፒያሳ አንድ ካፌ ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ጠጣን። ደውሎ የጠራኝ እሱ ነው፣ ጋባዡም እሱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሂሳብ መጣ። እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ ዝም አልኩ። «ኧረ በጭራሽ!» ብዬ እጁን አልያዝኩም፣ አስተናጋጇንም «ከሱ እንዳትቀበዪ» አላልኳትም። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከፈለ፣ መልሱን ተቀበለ፣ ቲፕ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ሰላም ነህ ግን?» አለኝ።

ሕግ አልጣስኩም። የቀረችው ያቺ የግማሽ ደቂቃ ግብግብ ብቻ ናት። እሷ ስትቀር ግን ሰውዬው የታመምኩ መሰለው!

ይህን ጨዋታ የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ሃሮልድ ጋርፊንክል የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ተማሪዎቹን በገዛ ቤታቸው እንደ ተከራይ እንዲሆኑ ያዛቸው ነበር። ልጁ እናቱን በአንቱታ ዓይነት እያናገረ፣ ሳይጠየቅ ምንም ሳይናገር፣ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። ቤተሰቡ ግራ ገባው፣ አፈረ፣ ተቆጣ። አሞሃል ወይ ተባለ። ልጃቸው ጨዋ ስለሆነባቸው እኮ ነው የተቆጡት! የእኛ እናቶች ቢሆኑ ጠበል ይወስዱን ነበር።

ያልተጻፈ ደንብ እንዲህ ነው፣ ሲጣስ ነው የሚታየው። ማመን ካቃታችሁ ማታ 12 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ሰብራችሁ ለመግባት ሞክሩ። ተራ አስከባሪው አፉን ሳይከፍት ሰልፈኛው ይጨርሳችኋል። ያው ሰልፈኛ ደግሞ ሰልፍ የሌለበት ቦታ ሲደርስ በክርን እየተጋፋ ይገባል፣ ያን ጊዜ ማንም ነውር አይለውም።

ነውሩ ታዲያ የት ነው ያለው? ድርጊቱ ላይ ነው ወይስ የሚያየው ሰው ላይ? ሌላው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦታል፦ አፈንጋጭ ማለት ስሙ የተለጠፈበት ሰው ነው። እኔ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ነው አልልም፣ የተደበደበ ሰው ቁስሉ ስም አይደለም። ግን አገራችንን ተመልከቱ። ማረሻውን የሚሠራልን፣ ጋቢውን የሚሸምንልን ሰው ነበር የሚናቀው። ምን አጠፋ? ምንም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ወጣ ተብሎ ግን ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። የለጠፈው ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ንጉሥ ያነሳው ነበር፣ የለጠፈው ግን ጎረቤት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ስሙን ሕግ ራሱ ሲሰጥ አይተናል። «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለውን ታስታውሳላችሁ? አዋጅ ቁጥር 384/1996። ቃሉ ከአዋጁ ወጥቶ ሰፈር ገባ፣ ወላጅም ልጁን በሱ መሳደብ ጀመረ። ልጁ አንዴ ስሙ ከወጣ ሥራ የሚሰጠው የለም፣ ዋስ የሚሆነው የለም። የሚቀበሉት እነዚያው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ናቸው። ሄዶ ይቀመጣል። ከዚያ እኛ ተመልሰን «አላልንም?» እንላለን።

ድሮ ቢያንስ ተሳዳቢዋ ጎረቤት ልጁን ታውቀው ነበር። ጆሮውን ቆንጥጣ እንጀራ የምታበላው እሷው ናት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ቤት ብቻ አይደለም የፈረሰው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ዓይንም ተበትኗል። ኮንዶሚኒየም ላይ የማታውቀውን ልጅ ቆንጥጪ ብትባል ማን ይደፍራል?

እኛ ሰፈር አሁንም ድንጋዩ ላይ አራት አምስት ልጆች አሉ። ጫት ይቅማሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ይለክፋሉ፣ ይህን አልክድም። በቅርቡ አንዲት እናት ባላቸው ሞቱባቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድንኳኑን የተከሉት እነዚህ ልጆች ናቸው። የእድሩን ወንበር ተሸከሙ፣ ውሃ ቀዱ፣ ሦስቱንም ሌሊት እሳት እያነደዱ አብረው አደሩ። እማማ እጃቸውን ይዘው መረቋቸው፣ አይቻለሁ።

ድንኳኑ ተነሳ። በሳምንቱ እማማ ከገበያ ሲመለሱ ልጆቹ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። አንዱ ብድግ ብሎ «እማማ፣ ልያዝልዎት?» አለ።

እማማ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው አለፉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ማይኩን አቀብሉት።