ከመሀል ሰፋሪዎቹ ጋር ነኝ

(እሑድ ታኅሣሥ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። መኪናቸው ውስጥ ሆነው ለተሰበሰቡ ሾፌሮችና ቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር።)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሞተር አጥፉ አልላችሁም፤ ብርዱን አውቀዋለሁ። ሬድዮ ግን ቀንሱልኝ። ድምፄ ያልደረሳችሁ መብራት ብልጭ አድርጉ። የወደዳችሁት ነገር ካለ ክላክስ፣ አንዴ ብቻ። ባለፈው ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶብናል። ይህን ወረቀት ልጄ በትልልቅ ፊደል አትማልኛለች። ማስኩ መነጽሬን ያጨልምብኛል፤ አንዳንድ ቦታ ብደናቀፍ ታገሱኝ።

ስለ ሀገር ቤት ዛሬ አልናገርም። እዚህ ሜዳ ላይ ወላጆቹ ጋ ስልክ ከገባለት ከወር በላይ የሆነው ሰው አለ። ደግ ያሰማን። ዛሬ የመጣሁት ስለ ደብዳቤው ነው።

ኮሚቴው ያረቀቀውን ደብዳቤ ሁላችሁም አይታችኋል። ኮንግረስ ስለሚደራደርበት የኮቪድ ድጎማ ነው፤ ነገ ሰኞ ለኮንግረስ ሰዎቻችን ይላካል ተብሏል። አንድ ገጽ ናት፣ እንግሊዝኛዋም ያማረ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ግን «የ1,200 ዶላር ቼክ የሌለበትን ማንኛውንም ስምምነት አንቀበልም» ትላለች። ቼክ የሚሉት መንግሥት ለየሰዉ በቀጥታ የሚልከውን ገንዘብ ነው። እኔ የተጣላሁት ከዚች መስመር ጋር ነው። አልፈርምም አልኩ። ከዚያ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ምን እንደተባልኩ አንብቤያለሁ። አንዱ «ሽማግሌው መሀል ሰፋሪ ሆነ» ብሏል። ሽማግሌ ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ።

ለወጣቶቹ ላስረዳ። በ1969 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ መባል ቀልድ አልነበረም። ወይ ከአብዮቱ ጋር ነህ፣ ወይ ጸረ አብዮት ነህ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የዚህም የዚያም ወገን ልጅ ሱሪውን እኔ ጋ ነው ያሰፋው፤ የቱን ጠላቴ ልበል?» አለ። ይቺን ብቻ። መሀል ሰፋሪ ተብሎ ሦስት ወር ታሰረ። እኔ ያኔ 15 ዓመቴ ነው። ከአባቴ መማር የነበረብኝን ትቼ የተገላቢጦሹን ያዝኩ። መሀል የቆመ ይመታል፣ ስለዚህ ጠርዝህን ይዘህ ጩህ። ስጮህ ኖርኩ። እናንተም ታውቁኛላችሁ፤ በዚህ ከተማ ካሉ የታክሲ ስብሰባዎች እኔ ያልጮህኩበት የለም።

አሁን ወደ ዋሽንግተኖቹ መሀል ሰፋሪዎች ልምጣ። ዲሴምበር 1 ቀን ከሁለቱም ፓርቲ የተውጣጡ ሴናተሮችና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ወጥተው የ908 ቢሊዮን ዶላር አስታራቂ ሐሳብ ይዘናል አሉ። ጆ ማንቺን አለበት፣ ሱዛን ኮሊንስ አለችበት፣ ሚት ሮምኒ አለበት፣ የኛው የቨርጂኒያው ማርክ ዋርነር አለበት። ማንቺንን የገዛ ፓርቲው ሰዎች ሪፐብሊካን ነው ይሉታል። ሮምኒን የገዛ ፓርቲው ሰዎች ከሃዲ ይሉታል። ሁለቱም የተሰደቡ ሰዎች ናቸው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያዘንኩላቸው።

እነሱ እስኪመጡ ምን ነበረን? የማርቹ የኮቪድ ድጎማ ሕግ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። ሥራ ለፈታን በሳምንት 600 ዶላር ጨምሮልን ነበር፤ እሱ ጁላይ መጨረሻ ላይ ቆመ። ምክር ቤቱ በሜይ 3 ትሪሊዮን ብሎ አጸደቀ፤ ሴኔት ውስጥ ሞተ። የሴኔቱ የሪፐብሊካኖች መሪ ሚች ማኮኔል 500 ቢሊዮን ይበቃል አለ። ኦክቶበር ላይ ዋይት ሀውስ 1.8 ትሪሊዮን አቀረበ፤ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ አይበቃም አለች። አይበቃም! እኔ በዚያ ሳምንት አየር ማረፊያው ተራ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆሜ አንድ ሰው ጫንኩ። ሂሳቡ 14 ዶላር ነው። ሰውየው 20 ሰጥቶኝ መልሱን ያዘው አለኝ። እናንተ ወዳጆቼ «ፔሎሲ ልክ ናት፣ ትጠብቅ» ስትሉ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

(አንዴ ብያለሁ። አንዴ!)

እሺ። አሁን አንድ ነገር ልናገር። ወረቀቱ ላይ አጭር አድርጌ ነበር የጻፍኩት፣ ግን ላስረዝመው።

የእቁባችንን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ። 24 ሰው ነበርን። በሳምንት 500፣ ዕጣው 12,000። ማርች ላይ በሽታው ሲገባ ዘጠኝ ሰው በልቷል፣ አሥራ አምስት ሰው ይጠብቃል። የበሉት «ሥራ የለም፣ ይቁም» አሉ። ያልበሉት «ገንዘባችንን» አሉ። ሁለቱም ሐቅ አላቸው። ስልክ ላይ ሦስት ሌሊት ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ሌሊት ፓርኪንግ የምትሠራው እህታችን አንድ ሐሳብ አመጣች። ስሟን አልጠራም፤ እዚያ ሰማያዊው ቶዮታ ውስጥ ናት። «በሳምንት 200 እንጣል፣ ዕጣው 4,800 ይሁን፤ ዕጣም አናውጣ፣ በጣም ለቸገረው እናስቀድም» አለች። እንዲህ ቀላል ነገር።

ማን ተቃወመ? እኔ! እኔ ካልበሉት ወገን ነበርኩ። ተነስቼ፣ ስልክ ላይ መነሳት ካለ፣ ንግግር አደረግሁ። «ውል ውል ነው» አልኩ። «200 የሚባል እቁብ አላውቅም። 500 ወይ ምንም!» ከኔ ወገን ያሉት «ትክክል! ትክክል!» አሉኝ። ልቤ ሞቀ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ድምፅ ተሰጠ፣ የእህታችን ሐሳብ ወደቀ።

500 አልመጣም። ምንም መጣ።

ያ ሐሳብ አልፎ ቢሆን ኖሮ በኤፕሪል ሦስተኛ ሳምንት 4,800 የሚደርሰው አንድ ወንድማችን ነበር። ሦስት ልጆች አሉት። መኪናው የባንክ ናት። እስከ ኦገስት ተንገዳገደ። አንድ ሌሊት አፓርታማው በር ላይ መጥተው ጎትተው ወሰዷት። ጠዋት ደወለልኝ። ስለ መኪናዋ አልነበረም የጠየቀኝ። የትንሿ ልጁ መቀመጫ ውስጥ ቀርቷል፣ እናቱ የላከችለት ጋቢም የኋላ ወንበር ላይ ነው። «እንዴት ነው የሚወጣው?» አለኝ። አብረን ሄድን። ከአንድ የሽቦ አጥር ጀርባ ናት። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ቁጥር ጠየቀን፣ መታወቂያ ጠየቀን፣ ገንዘብም ጠየቀን። መቀመጫውን በቀኝ እጁ፣ ጋቢውን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ። እኔ አንድም ቃል አልወጣኝም። እሱም እስከ ዛሬ «አንተ ነህ» አላለኝም።

ዛሬ እዚህ አለ። በሰው መኪና ነው የመጣው።

ስለዚህ «ቼክ ወይ ምንም» የሚል ወረቀት ሳይ ያን ሌሊት የተናገርኩትን ነው የምሰማው።

ወደ ሂሳቡ። ቼኩ 1,200 ነው፣ አንድ ጊዜ። 908ቱ ውስጥ ያለው ሥራ ለፈታ ሰው በሳምንት 300 ነው፣ ለአራት ወር ያህል። 16 ሳምንት ብትሉት 4,800 ይመጣል። አዎ፣ የእህታችን ቁጥር ነው። እኔም ስደምረው ደነገጥኩ። ይኸውም ከመደበኛው ላይ የሚጨመረው ብቻ ነው።

መደበኛው ደግሞ ፒዩኤ ነው፣ በዚህ በሽታ ጊዜ ለራሱ ሠሪ የወጣው የሥራ አጥ ክፍያ፤ ይቺን ስሙኝ። ከማርች በፊት ታክሲ ነጂ፣ ኡበር ነጂ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው አንኢምፕሎይመንት የሚባል ነገር አልነበረውም። ዜሮ። በዚህ ሀገር 26 ዓመት ስነዳ ታክስ ከፍያለሁ፣ ሥራ ስፈታ ግን ማንም አያውቀኝም ነበር። ሳመለክት ኮምፒውተሩ «የአሠሪህ ስም» አለኝ። አሠሪ የለኝም። ባዶ ስተወው አያሳልፍም። ልጄ «አባዬ፣ የራስህን ስም እንጻፍ» አለች። ጻፍን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አሠሪህ መባረርህን አላረጋገጠም ይላል። እኔ ራሴን አላባረርኩም ማለት ነው! ከዚያ ስልክ። የስልኩን ሙዚቃ ሚስቴ ቡና እያፈላች ታዜመው ነበር፣ ከአቦል እስከ በረካ ማንም አያነሳም። በሰባተኛው ሳምንት ገንዘቡ ገባ። የቤት ኪራይ ከፈልኩ።

ያ ፒዩኤ ዲሴምበር 26 ያልቃል። ከዛሬ አሥራ ሦስት ቀን በኋላ። እኛ ብቻ አይደለንም፣ በመላ አገሪቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚያ ቀን ከነአካቴው ይቋረጥበታል። ገና ጾሙ አልተፈታም፣ የኛ ገና እንኳ አልደረሰም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ የግምጃ ቤቱ ሹም ምኑቺን 916 ቢሊዮን አቅርቧል። ቁጥሩ ከመሀል ሰፋሪዎቹ ይበልጣል። ውስጡ 600 ዶላር ቼክ አለ። የሳምንቱ 300 ግን ወጥቷል። «ቼክ ካለበት እንቀበላለን» ያልን እንደሆነ፣ ይቺን ልንቀበል ነው? አንዴ 600 ሰጥተው በየሳምንቱ 300 ሊወስዱብን? ኮሚቴው ይመልስልኝ!

(እዚህ ላይ ሁለቴ ይፈቀዳል።)

ቼክ የምትሉትን አልንቅም። ማርች ላይ ሚስቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሌላት፣ አብረው ታክስ ስለሞሉ ብቻ፣ ዜጋ ሆኖ አንድ ሳንቲም ያልደረሰው ሰው እዚህ መሀላችን አለ። ልጆቹም አልተቆጠሩለትም። ያ ሰው ቢናደድ አልፈርድበትም። በርኒ ሳንደርስ 1,200 ይግባ ብሎ እየተሟገተ ነው፤ ከሪፐብሊካን ወገን ጆሽ ሃውሊ አብሮት ቆሟል። እግዚአብሔር ይርዳቸው። ቼኩ ይጠየቅ እላለሁ፣ እኔም እጠይቃለሁ። አሥራ ሦስቱን ቀን ግን መያዣ አናድርገው።

አንድ የሚያቃጥለኝ ነገር አለ፣ ሳልናገር ብወርድ ዋሸሁ ማለት ነው። ማኮኔል ኩባንያዎች በኮቪድ እንዳይከሰሱ ይጠበቁልኝ ይላል። መሀል ሰፋሪዎቹም ይህንን ለጊዜው አስገብተውለታል። ሆቴል የሚያጸዱ እህቶቻችን፣ ዕቃ የሚያወርዱ ወንድሞቻችን ጓንት ለምነው የሠሩበት ዓመት ነው! አሠሪው ማስክ ሳይሰጥ ሰው ቢታመም ማን ይጠየቅ? የታመመው? ይቺን የፈረሙት ሰዎች አንድ ቀን ያንን አልጋ አንጥፈው ይዩት!

እሱን ጽፈን እንቃወም። ሙሉ አንቀጽ ይኑረው።

ሌላው አጭር ነው። ለትናንሽ ሱቆችና ሬስቶራንቶች 288 ቢሊዮን አለ፤ ባለፈው ዙር ባንክ ደጅ ጠንታችሁ የተመለሳችሁ ወረቀታችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ። ለኪራይ 25 ቢሊዮን አለ። ሰው ከቤት እንዳይባረር የወጣው የፌዴራል እገዳ ዲሴምበር 31 ያበቃል፣ ይህም ደብዳቤው ውስጥ የለም፣ ይግባ። ለክልልና ለከተማ አስተዳደሮች 160 ቢሊዮን አለ፤ አውቶቡስ የምትነዱ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ጠዋት የክትባቱ ካሚዮኖች ከሚሺጋን ተነስተዋል። ሾፌሮቹን በቴሌቪዥን አይቼ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። መውጫው ታይቷል፤ እስከዚያ የምንደርስበት ነዳጅ ነው የጎደለው። ኮንግረስ የቀረው እስከ ዓርብ ነው፣ የመንግሥት በጀት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የተራዘመው።

ሌላ ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ። ልጄ ናት የተየበችው። የመጀመሪያዋ መስመር «ከዲሴምበር 26 በፊት አጽድቁ» ትላለች። ቼኩም አለ፣ ግን እንደ ጥያቄ እንጂ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የክሱ ነገር ላይ ተቃውሞ አለ። ኪራዩ አለ። መፈረም የማይፈልግ አይፈርም፣ የኮሚቴውንም የሚፈርም ይፈርም፤ ማንንም መሀል ሰፋሪ ወይ ጠርዘኛ አንልም።

እስክሪብቶ የየራሳችሁን ያዙ፣ የኔን አትንኩብኝ። ከመኪና አትውረዱ፣ ወረቀቱን በየመስኮቱ ይዤ እዞራለሁ። መጀመሪያ የምመጣው በሰው መኪና ወደ መጣው ወንድሜ ነው። ብትፈርምም ባትፈርምም፣ አንተዬ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ።